አዲስ አበባ የወሰደችውን የሞተር ጉልበት መልሶ መግዛት

ቤንዚን መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ሁሉ አንድ ቅሬታ ያውቃል። “መኪናው ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያንሰዋል” የሚለውን። ገዢው ይህን ሲል ሻጩን ይጠረጥራል፤ ፋሻው ያለቀ፣ ሞተሩ የደከመ ይመስለዋል። ሞተሩ ግን ምንም ላይሆን ይችላል። የጎደለው አየር ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በባሕር ወለል ላይ 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. የሆነው የአየር ግፊት (ጎሚስታ ጎማ ሲሞላ የሚያነበው ያው መለኪያ ነው) እዚህ ሲደርስ ወደ 11 ይወርዳል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በሳበው አየር ልክ በመሆኑ፣ አየሩ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። በፋብሪካው ወረቀት ላይ 183 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለለት ሞተር መስቀል አደባባይ ላይ ቢለካ 140 ቢደርስ ነው። ባለቤቱ ለ183ቱ ከፍሏል፤ የሚነዳው 140ውን ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በውጭ አገር ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ሱፐርቻርጀር ነው። መሣሪያው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ የሚዞር የአየር ፓምፕ ነው፤ አየሩን ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይከታል። ከተርቦ የሚለየው የሚዞርበት ኃይል ነው። ተርቦ በጭስ ማውጫው ግፊት ይዞራል፤ ሱፐርቻርጀር ግን ጉልበቱን የሚወስደው ከራሱ ከሞተሩ ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ነገሩ ባዕድ አይደለም። ከኋላቸው “ኮምፕሬሰር” የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው የ1990ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት መርሴዲሶች ሱፐርቻርጀር ከፋብሪካ የተገጠመላቸው ናቸው። ከፋብሪካ ያልነበረውን በኋላ ገዝቶ ማስገጠም ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

ጥያቄው አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የቤንዚን መኪና ይዞ የቀረ ሰው “ሸጬ ትልቅ ሞተር ያለው አስመጣለሁ” የሚልበት በር ጠቧል፤ ያለውን ማሻሻል ያምረዋል። ይህን ዓይነት ደንበኛ የሚጠብቅ ዕቃ ደግሞ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ሞልቷል።

ኪቱ ስንት ነው? ገና ብሩን ሳይቆጥሩ

ሙሉ ኪት የሚባለው ፓምፑን፣ አዲስ የአየር ማስገቢያውን፣ ቺንጋና ፑሌጃውን፣ ጓርኒሲዮኖቹን፣ አንዳንዴም ትላልቅ ኢንጀክተሮችን የያዘ ሳጥን ነው። ዋጋው እንደ ሞተሩ ይለያያል። ለሒሳብ ያህል 5,000 ዶላር ይባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያው ሳጥን 285,000 ብር ያወጣ ነበር ማለት ነው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የሳጥኑም ዋጋ ከግማሽ ሚሊዮን አለፈ። ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ የጋራዡ እጅ ዋጋ ገና አልተደመረም።

በዚህ ገንዘብ የሚገዛው ጉልበት ስንት ነው? ሻጭ ለገዢ ሳይነግረው የሚያልፈው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ኪቱ በካታሎጉ ላይ “6 ፒ.ኤስ.አይ. ይሰጣል” ተብሎ ይጻፍ ይሆናል። ይህ በባሕር ወለል ላይ ነው። ሱፐርቻርጀር የተወሰነ ግፊት የሚፈጥር ማሽን አይደለም፤ ያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ የሚያበዛ ማሽን ነው። 14.7 ላይ 6 ጨምሮ 20.7 ካደረገ፣ እጥፉ 1.4 ነው። አዲስ አበባ ላይ 11ን በ1.4 ሲያበዛ 15.5 ገደማ ይሆናል። ጭማሪው 4.5 ብቻ ነው። 15.5 ደግሞ ሱፐርቻርጀር የሌለው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ በነፃ ከሚያገኘው 14.7 ብዙም አይርቅም።

ከዚያም ላይ ፓምፑን ለማዞር የሚጠፋው ጉልበትና አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረው ሙቀት ተቀናሽ ነው። ስለዚህ የ140ው ሞተር በደንብ ከተስተካከለ ወደ 180 አካባቢ ይመለሳል። ገዢው ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ አውጥቶ ያገኘው ከመጀመሪያውም በወረቀቱ ላይ ተጽፎ የነበረውን ጉልበት ነው። ይህ ለአንዳንዱ ኪሳራ ነው፤ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ኪሳራነቱ አያጠራጥርም። ጭነት እየጎተተ እንጦጦን ወይም ጣርማ በርን ለሚወጣ ግን 40 ፈረስ ቀላል አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ከዚህ ወጪ በፊት መሞከር ያለባቸው ርካሽ ነገሮች አሉ። የተዘጋ የአየር ማጣሪያ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ኢንጀክተር፣ ከፋብሪካው ልክ በላይ የሆነ ጎማ። ጎማው ትልቅ የሆነበት መኪና ሁልጊዜ በከፍተኛ ማርሽ እንደሚሄድ ያህል ነው፤ ዳገት ላይ “ሞተሩ ደከመ” የሚባለው ብዙው ሐሜት ከዚህ የሚመጣ ነው።

ሰባተኛው ኢንጀክተር

ሥራው ምን እንደሚመስል ለማየት የቶዮታን 3.4 ሊትር ቪ6 መውሰድ ይበቃል። ይህ ሞተር በ1996 እና በ2002 (እ.ኤ.አ.) መካከል በተሠራው ፎር ራነር ላይ፣ እንዲሁም በ90 ሞዴሉ ፕራዶ ላይ ይገኛል። በቶዮታ የስፖርት ክፍል ስም ይሸጥለት የነበረው ሱፐርቻርጀር ኤም62 የሚባለው የኢተን ኩባንያ ፓምፕ ነው፤ በአንድ ዙር አንድ ሊትር ገደማ አየር ያስገባል።

መገጣጠሙ ራሱ ያን ያህል አስፈሪ አይደለም። የላይኛው የአየር ማስገቢያ ይወርዳል፣ ፓምፑ በቦታው ይቀመጣል፣ ረዘም ያለ ቺንጋ ይገባል፣ ቱቦና ገመድ ይመለሳል። መሣሪያው የተሟላለትና ቴስታታ አውርዶ የሚያውቅ መካኒክ በሁለትና በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ከዚያ በፊት ግን የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት መለካት አለበት። ስድስቱ ሲሊንደሮች ካልተቀራረቡ፣ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ከወረደ፣ ሳጥኑን ሳይከፍቱ መልሶ መሸጥ ይሻላል። የደከመ ሞተር ላይ ጫና መጨመር ሬቲፊካውን ማፋጠን ነው።

ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ቁልፍ ተጠምዝዞ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው። አየሩ ሲጨምር ቤንዚኑም በልኩ መጨመር አለበት። በተለመደው አነዳድ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይበቃል። (ቁጥሩ ከላይ ካለው የግፊት ቁጥር ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው።) በሱፐርቻርጀር ጫና ሥር ግን ሞተሩ ወፈር ያለ ድብልቅ ይፈልጋል፤ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎ አየር ወይም ትንሽ ያነሰ። ትርፉ ቤንዚን ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። ድብልቁ ከቀጠነ ሙቀቱ ይንራል፤ ቤንዚኑ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል፤ ፒስተኑ ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል። ይህ ለመድረስ ዓመት አይጠይቅም። አንድ ረጅም ዳገት ይበቃዋል።

የዚያ ቶዮታ ባለቤቶች በአሜሪካ የተማሩት ይህንኑ ነው። ኪቱ ብቻውን ሲገጠም ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ላይ ድብልቁ እየቀጠነ ስላስቸገረ፣ ለስድስት ሲሊንደር ሞተር ሰባተኛ ኢንጀክተር ጨምሮ መግጠም የተለመደ ሥራ ሆነ። የፋብሪካ ስም ያለበት ዕቃ እንዲህ ካደረገ፣ ስም የሌለው ሳጥን ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ስለዚህ ወጪ ሲታሰብ ከኪቱ ጎን መቀመጥ ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ የድብልቅ መለኪያ ከጭስ ማውጫው ላይ፣ የግፊት ጌጅ፣ የሚበቃ የቤንዚን ፓምፕ፣ አንድ ደረጃ የቀዘቀዘ ካንዴላ፣ የሞተሩን ኮምፒውተር በላፕቶፕ ከፍቶ የሚያስተካክል ሰው። የመጨረሻው ከሁሉም ይወደዳል፤ ከሁሉም ደግሞ ይጠፋል። መለኪያ ሳይኖረው “በጆሮዬ አስተካክለዋለሁ” የሚል ካጋጠመ መኪናውን አስነስቶ መሄድ ነው። ሞተር ሲጎዳ ጆሮ የሚሰማው ከረፈደ በኋላ ነው።

ቁልቁለቱ

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። ገዢው 4.5 ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ ማግኘቱን ሲያይ ይከፋዋል። መፍትሔው ቀላል ይመስላል። የሱፐርቻርጀሩን ፑሌጃ በትንሽ ፑሌጃ መለወጥ ነው፤ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ጌጁ 8 ያነባል። መኪናው ሲኤምሲ አካባቢ ይበርራል፤ ባለቤቱም ይደሰታል።

ከዚያ መኪናው ወደ ጅቡቲ መስመር ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ 11ን ወደ 19 የሚያደርስ ፓምፕ 1.7 እጥፍ የሚያበዛ ነው። ከ1,000 ሜትር በታች ባለችው አዋሽ ያው ፓምፕ፣ ያው ፑሌጃ፣ ማንም ሳይነካው 9.5 ይሰጣል። ጅቡቲ ሲደርስ ከ10 ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ ኢንጀክተሮቹ ከአቅማቸው 90 በመቶውን ይሠሩ ከነበረ፣ የቆላው አየር መሞቁ ተቀንሶለት እንኳ አዋሽ ላይ ከ100 በመቶ በላይ ይጠየቃሉ። ከመቶ በላይ የለም። ድብልቁ ይቀጥናል፤ ያውም በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ጭነት ተጭኖ፣ ቤንዚኑ እንደተረገጠ። መካኒኩ አዲስ አበባ ላይ የሠራው ሥራ እዚያው አዲስ አበባ ላይ ትክክል ነበር።

የሚሠራው ሰው መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ “ስንት ፈረስ ትፈልጋለህ?” ሳይሆን “ዝቅ ብለህ የምትደርስበት ከተማ የት ነው?” መሆን አለበት። ኢንጀክተሩም ፓምፑም የሚለካው በዚያ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲሶ ያህል አቅም ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ብክነት ሊመስል ይችላል፤ ድሬዳዋና ሎጊያ ለሚመላለስ ነጋዴ ግን ከመድን የሚተናነስ አይደለም። ስለ መድን ከተነሳ፣ የመድን ውል አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ሲደረግ ማሳወቅን ይጠይቃል፤ በግማሽ ሚሊዮን ብር የተለወጠ ሞተር ደግሞ ለውጥ አይደለም ብሎ መከራከር አይቻልም።

ተርቦ በዚህ በኩል ይሻላል። በግፊት መቆጣጠሪያ ስለሚሠራ ደጋ ላይ በፍጥነት ዞሮ የጎደለውን ብዙውን ያካክሳል፤ ቆላ ላይ ደግሞ ትርፉን ጭስ ያስወጣል። የጭነት ናፍጣዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በተርቦ የሚሄዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ተርቦ ሳይኖረው የተሠራው 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር ላይ ተርቦ መግጠምም በአውስትራሊያ የቆየ ንግድ ነው። ግን የጭስ ማውጫውን ሁሉ መለወጥ፣ ዘይትና ውሃ መሳብ ይጠይቃል፤ ሥራው ይከብዳል።

ተገጥሞ የመጣን መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ወይም ለሚያሻሽጥ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ከፓምፑ አፍንጫ በኩል የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካለ የውስጥ ማያያዣው ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ፓምፑ ከሞተሩ የተለየ የራሱ ዘይት አለው፤ ብዙ ባለቤት ይህን አያውቅም። ካንዴላዎቹ ወጥተው ነጭ ሆነው ከታዩ ድብልቁ ቀጭን ነበር። ከፋብሪካ የመጣው መርሴዲስ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የ2.3 ሊትሩ ኮምፕሬሰር የሲሊንደር መጭመቂያው 8.8 ለ1 ሆኖ ዝቅ ተደርጎለታል። ቶዮታው ግን 9.6 ለ1 እንደሆነ ጫናውን ይቀበላል፤ ለስህተት የሚተርፈው ቦታ ያንሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ፑሌጃውን ማየት ነው። ከኪቱ ጋር የመጣው ስንት ሚሊ ሜትር እንደነበረ ከአምራቹ ወረቀት ይገኛል። አሁን ያለው ከዚያ ካነሰ አንድ ሰው ተጨማሪ ጉልበት ፈልጎ ነበር ማለት ነው፤ ቤንዚኑንም አብሮ ጨምሮ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። መልስ ከሌለ ዋጋው ላይ የአንድ ሬቲፊካ ወጪ ይቀነሳል። መለካቱ በካሊፐር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቁጥሩም በሊብሬው ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ይጻፋል።