ስም ለሌለው ዐፅም መልክ ስለ መስጠት

አንባቢ ሆይ! ሰው ከቤቱ ወጥቶ የደረሰበት ሳይታወቅ ሲቀር፣ ቤተ ዘመዱ እንዳያለቅስ ቁርጡን አላወቀም፤ ተስፋ እንዳያደርግም ዘመኑ ረዝሟል። ከብዙ ጊዜ በኋላ በዱር ወይም በገደል ውስጥ ዐፅም ቢገኝ፣ የፖሊስ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ማን ነበር?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከሚረዱት ጥበቦች አንዱ በራስ ቅል ላይ ተመሥርቶ የሟቹን መልክ እንደገና መሥራት ነው።

የጥበቡ ሥር የቈየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ በላይፕሲግ ከተማ፣ የሙዚቃው ሊቅ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነው የተባለ ዐፅም ተቈፍሮ ወጣ። የሰውነት አካል ሊቅ የነበረው ቪልሄልም ሂስ፣ በፊት አጥንት ላይ ያለውን የሥጋ ውፍረት በሬሳዎች ላይ በየስፍራው ለካ። ቀራፂው ካርል ዜፍነርም በዚሁ ልክ መልኩን ሠራ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ካሮላይን ዊልኪንሰን ከራስ ቅሉ ቅጂ ተነሥታ የባኽን መልክ በኮምፒዩተር ሠራች። ይሁን እንጂ ዐፅሙ በርግጥ የባኽ ስለ መሆኑ ክርክሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

የዛሬው አሠራር እንዲህ ነው። የአጥንት ሊቃውንት አስቀድመው የሟቹን ጾታና ዕድሜ ይገምታሉ። ቀጥሎ የራስ ቅሉ በሲቲ ስካን ወይም በሌዘር ይነሣና በኮምፒዩተር ላይ በሙሉ ቅርጹ ይታያል። ባለሙያው ከብዙ ሰዎች ተለክቶ የተገኘውን የሥጋ ውፍረት በየነጥቡ ያመለክታል፤ ጡንቻውን አንድ በአንድ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ቆዳ ያለብሰዋል። የተሰበረ ቅል ቢሆን እንኳ አጥንቱ ሳይነካ በምስሉ ላይ ይጠገናል።

ነገር ግን አጥንት ሁሉን እንደማይናገር ልብ ይበሉ። ስለ አፍንጫ ስፋትና ስለ መንጋጋ ቅርጽ ይመሰክራል እንጂ፣ ሰውዬው ወፍራም ወይም ቀጭን እንደ ነበረ፣ ጠጕሩን እንዴት ያበጥር እንደ ነበረ አያስታውቅም። ስለዚህ የተሠራው መልክ እንደ ፎቶግራፍ አይታመንም፤ ብቻውንም የማንነት ማረጋገጫ አይሆንም። ተግባሩ መጥራት ነው። ምስሉ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ሲወጣ «ወንድሜን ይመስላል» የሚል ሰው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚቈርጠው የጥርስ ሐኪም መዝገብ ወይም ከዘመድ ጋር የሚነጻጸር የዲኤንኤ ምርመራ ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚይዝ ሁሉ ይህን ያስታውስ። የጠፋ ሰው አቤቱታ በሚገባ ተጽፎ፣ የራጁ ፊልምም በቦታው ተቀምጦ ቢገኝ፣ ያ ዐፅም በስሙ ይቀበራል፤ ዘመዶቹም ዕርማቸውን ያወጣሉ።