መድኃኒቱን የሚጭነው ታንኳ

ውድ እናቶች፣ በማለዳ ወደ ጣና ዳር ስትወርዱ ከዘጌ ማገዶ ጭና የምትመጣውን የደንገል ታንኳ ሳታዩ አትቀሩም። ሸክሟን መንገድ ላይ ብትጥለው እንጨቱ ለማንም ሳይሆን በከንቱ ይቀራል፤ ባሕር ዳር አድርሳ ስታወርደው ግን ምድጃ ያሞቃል። ዛሬ የምናወሳው ስለ ካንሰር መድኃኒት ቢሆንም ይህችን ታንኳ አትርሱብን።

በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። በሽታው ሲገፋ ከጨረር ሕክምና ጋር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋናው ሲስፕላቲን ይባላል፤ የተሠራውም ለጌጥ ከሚውለው ከፕላቲነም ማዕድን ነው። ኃይሉ የታወቀው በአጋጣሚ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ ባርኔት ሮዘንበርግ ኤሌክትሪክ ባክቴሪያን ምን እንደሚያደርግ ሲመረምር ሕዋሶቹ መከፋፈል ትተው እንደ ክር ሲረዝሙ አየ። መራባታቸውን የገታው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲነሙ ዘንግ የወጣው ውሕድ ነበር። ይህ በ1965 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ።

ችግሩ መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላት አለመለየቱ ነው። ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጆሮን ያደነቁራል፣ ክፉኛ ያስመልሳል። ሐኪሞች አስቀድመው በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ የሚሰጡት ለኩላሊቱ ብለው ነው። «ውኃ ብቻ ነው የሚሰጡኝ» ብላ ያኮረፈች እህት ብታጋጥማችሁ ይህን ንገሯት።

ታንኳይቱ የምታስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት የማዕድን አተሞችን ከካርቦን ውሕዶች ጋር ሲያገናኙ በራሳቸው የሚገጣጠሙ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ጥቃቅን ቅርጫቶች ይሠራሉ። ጃፓናዊው ማኮቶ ፉጂታ በ1990 እ.ኤ.አ. ከፓላዲየም አራት ማዕዘን ቀለበት ሠርቶ መንገዱን አሳየ። ሐሳቡ መድኃኒቱን በቅርጫቱ ውስጥ ጭኖ፣ የካንሰር እብጠት አካባቢ አሲድ ስለሚበዛበት እዚያ ሲደርስ ብቻ እንዲራገፍ ማድረግ ነው። ነገር ግን ቅርጫቱ ራሱ ማዕድን ስለሆነ ጉዳት እንዳያመጣ መፈተን አለበት፤ ሥራውም ገና በላቦራቶሪና በእንስሳት ሙከራ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ስም መድኃኒት እንሸጣለን የሚሉ ቢመጡ አትመኑ።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለውን ተጠቀሙ። ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ፣ ሕመም ባይሰማችሁም ተመርመሩ። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ ወዲያ ደም ካያችሁ ደግሞ ዕድሜ ሳትቆጥሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ምርመራው ይሰጣል። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር በኮምጣጤ አሲድ ቀብታ ታያለች፤ ነጭ ሆኖ የሚታይ ቦታ ካለ ያጠራጥራል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ውጤቱም እዚያው ይነገራችኋል።