አንድ መስመር፣ ብዙ ኮምፒውተር

ወዳጆቼ ስለ ቤት ኢንተርኔት ሲያማክሩኝ ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛውን ራውተር ብገዛ መስመሩ ይፈጥናል?» የሚል ነው። መልሴ አጭር ነው፤ የትኛውም አያፈጥነውም። ራውተር ወደ ቤት የገባውን መስመር ያከፋፍላል እንጂ አይጨምርም። ማከፋፈሉን በደንብ ካልሠራ ግን ወር በወር የሚከፈልበት ፍጥነት እዚያው ሳሎን ውስጥ ይባክናል።

ሥራውን ለመረዳት ፖስታ ሣጥንን ማሰብ ይበቃል። መሥሪያ ቤቱ ሃምሳ ሠራተኛ ቢኖረውም የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ አንድ ነው፤ ደብዳቤውን ለየባለቤቱ የምታድለው ጸሐፊዋ ናት። ራውተርም እንዲሁ ነው። ከውጭ የሚታወቀው አድራሻ አንድ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ ላሉት ኮምፒውተሮችና ስልኮች ብዙውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የትኛው መልስ የማን እንደሆነ እየመዘገበ ያድላል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው በአድራሻ እጥረት ሥጋት ነበር፤ በነባሩ አሠራር በዓለም ላይ ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸውና።

ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። የከፈሉት ለ10 ሜጋቢት ነው እንበል። የፋይል መጠን የሚለካው በባይት፣ አንድ ባይትም 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ ማውረድ የሚችሉት ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው። ይህም ብቻዎን ሲጠቀሙ ነው። ልጆች ፊልም ከፍተው፣ የአንዱ ላፕቶፕ ዊንዶውሱን እያደሰ፣ ስልኮቹም ፎቶ ወደ ጉግል እየላኩ ከሆነ ለእርስዎ የዙም ስብሰባ የሚደርሰው ትራፊ ነው። በተለይ መላኪያው ሲጨናነቅ መቀበያውም አብሮ ይንቀራፈፋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። አንዳንድ ራውተሮች ለመረጡት ኮምፒውተር ቅድሚያ የሚሰጡበት ማስተካከያ አላቸው። ለሥራ ላፕቶፕዎ ይህን ያብሩለት።

አገልግሎት ሰጪውን ከመውቀስዎ በፊት አንድ ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ። በኬብል ደህና ሆኖ መኝታ ቤት ሲደርስ የሚሞት ከሆነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በማያቸው ቤቶች ራውተሩ የሚቀመጠው ሽቦው በገባበት ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ሞገዱን ክፉኛ ያዳክሙታል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ግድግዳን የተሻለ ያልፋል፤ ሆኖም ዝግ ያለና የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ የሚሻሙበት ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲበዛበት ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ራውተሩን ወደ ቤቱ መካከል፣ ከፍ ወዳለ መደርደሪያ ያውጡት።

ሰርቪስ ቤት ድረስ ለማድረስ እኔ የምመርጠው ኬብል መዘርጋትን ነው፤ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ጫፉ ላይ ከቁም ሳጥን የወጣ አሮጌ ራውተር መሰካት ይቻላል። ነገር ግን ዲኤችሲፒ የሚባለው የአድራሻ ማደል ሥራው መጥፋት፣ የራሱም ቁጥር ከዋናው የተለየ መሆን አለበት። ሁለት ጸሐፊዎች ሳይነጋገሩ አንድ ፖስታ ሲያድሉ የሚሆነውን ያስቡት።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ፣ የዋይፋዩን ብቻ ቀይሮ የራውተሩን የራሱን መግቢያ «አድሚን» ብሎ መተው የተለመደ ነው። ሁለቱም መቀየር አለባቸው። መስመሩ የተመዘገበው በእርስዎ ስም ነውና ጎረቤት የሚሠራበትም በእርስዎ አድራሻ ይወጣል።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆዩ ትንንሽ ባትሪዎች አሉ። ብዙ ራውተሮች 12 ቮልት፣ አንዳንዶቹ 9 ቮልት ስለሆኑ ከመግዛትዎ በፊት ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን ያንብቡ። ፋይበር ከገባልዎና የፋይበሩ መቀበያ ሣጥን ለብቻው ከሆነ ባትሪው ሁለቱንም መያዝ አለበት፤ አንዱ ከጠፋ መስመር የለም።