ከበረት እስከ ማሳ፦ የባዮጋዝ ዑደት

ማገዶ እየራቀ በሄደባቸው አካባቢዎች እበት ኩበት ኾኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ኩበቱ ሲነድ ግን ለሰብል የሚያስፈልገው ናይትሮጂን ከጭሱ ጋር ይበንናል፤ የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። አርሶ አደሩም የጎደለውን በማዳበሪያ ግዥ ለመተካት ይገደዳል።

ባዮጋዝ ግን አንዱ እበት ማገዶም ማዳበሪያም እንዲኾን ያስችላል። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2009 ሥራ ሲጀምር በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ እና በቀድሞው የደቡብ ክልል ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። እበትና ውኃ በእኩል መጠን ተበጥብጦ ከመሬት በታች ወደተገነባው ማብላያ ይገባል። አየር በሌለበት በዚህ ጉድጓድ ረቂቅ ተሕዋስያን እበቱን ሲያብላሉት፣ ከግማሽ በላይ ሚቴን የኾነ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ በጉልላቱ ሥር ሲጠራቀም የተብላላውን እበት በራሱ ግፊት በመውጫው በኩል ያስወጣዋል። ሞተርም ኤሌክትሪክም አያስፈልግም።

ከ1 ኪሎ ግራም ትኩስ እበት በግምት ከ30 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይገኛል። ሌሊት በረት የሚያድሩ 4 ከብቶች በቀን 40 ኪሎ ግራም ያህል እበት ከሰጡ፣ ጋዙ አንድ ምድጃ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያነዳል። ወጥ ለመሥራትና ቡና ለማፍላት ይበቃል። እንጀራ መጋገር ግን ከዚህ የበለጠ ጋዝና ለዚሁ የተሠራ ምድጃ ይፈልጋል።

ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጂኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። በቀጥታ ሊፈስ ወይም ከገለባና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ ኮምፖስት ሊኾን ይችላል። ከማሳው የሚገኘው ገለባ ደግሞ ከብቶቹን ይመግባል፤ ዑደቱም ይዘጋል። በከተማ ዳር የወተት ላም ለሚያረቡ ነዋሪዎችም የእበት ማስወገጃ ችግርን ያቃልላል።

ይህ ሁሉ ግን የዕለት ክትትል ይጠይቃል። ያልበላች ላም ወተት እንደማትሰጥ ሁሉ፣ እበት ያልቀረበለት ማብላያም ጋዝ አይሰጥም። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት ሥራው ይከብዳል፤ በብርድ ወቅትም ጋዙ ይቀንሳል። የሳሙና እጣቢና የኬሚካል ትርፍራፊ ረቂቅ ተሕዋስያኑን ስለሚጎዱ ወደ ማብላያው መግባት የለባቸውም። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከተሰማ እሳት ሳይጫር ዋናው ቧንቧ መዘጋት፣ መጋጠሚያዎቹም በሳሙና አረፋ መፈተሽ አለባቸው። አረፋው የሚኩረፈረፍበት ቦታ ጋዝ የሚያፈስሰው ነው።