የቴክኖ ሙዚቃና የተኩስ ጨዋታ

በጃፓን የጨዋታ አዳራሾች በሳንቲም የሚሠሩት የተኩስ ጨዋታዎች ሙዚቃቸው ያው በያው ነው እየተባለ ይነቀፋል። ፍርድ ከመስጠት በፊት ግን የድግግሞሹን ምክንያት መመርመር ይገባል።

ቴክኖ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በዲትሮይት አካባቢ፣ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳንደርሰን የተባሉ ጥቁር ወጣቶች ያስገኙት ሙዚቃ ነው። ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው የኤሌክትሪክ ከበሮ ነበር። ከዚያም ሙዚቃው በተራው ወደ ጃፓን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ለወጣው «ባትል ጋሬጋ» ለተባለው የአውሮፕላን ውጊያ ጨዋታ ማናቡ ናሚኪ በደረሰው ዜማ ውስጥ የዲትሮይት ምት ጎልቶ ይሰማል።

የዚህ ጨዋታ መኪና ድምፅ የሚያወጣው በሁለት ቺፖች ሲሆን፣ አንደኛው ባንድ ጊዜ 8 ድምፅ፣ ከበሮውን የመሳሰሉ የተቀዱ ድምፆች የሚያሰማው ሁለተኛው ደግሞ 4 ብቻ ያወጣል። በዚህ አቅም የትልቅ ኦርኬስትራን ኅብር መኮረጅ እምብዛም አያምርም፤ ቴክኖ ግን ከመነሻው በጥቂት ድምፅ የሚገነባ ስለሆነ ምንም አይጎድልበትም። በተጨማሪም ዓይኑ በጥይት መዓት ለተያዘ ተጫዋች የማይናወጥ ምት ሐሳቡን ይሰበስብለታል።

እንግዲህ ሙዚቃ ሊመዘን የሚገባው በተሠራበት ተግባር ከሆነ፣ ይህ ድግግሞሽ እንደ ጥበብ ሊቆጠር ይገባዋል እንላለን።