ሰባኪውና ደብተራው በልብ ወለድና በሲኒማ

በመጽሐፍና በሲኒማ ብቻ ያወቅነውን ሰው በእርግጥ አውቀነዋል ማለት ይቻላልን?

በአሜሪካ አገር ወንጌላውያን የሚባሉት ክርስቲያኖች በዚህ ረገድ ብዙ ደርሶባቸዋል። ሲንክሌር ልዊስ የተባለው ደራሲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 «ኤልመር ጋንትሪ» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። ባለታሪኩ አንደበቱ ያማረ፣ ነገር ግን መጠጥና ሴት የሚወድ፣ ምእመናንን የሚያታልል ሰባኪ ነው። ታሪኩ በ1960 በሲኒማ ቀርቦ ለዋናው ተዋናይ ለበርት ላንካስተር የኦስካር ሽልማት አስገኘለት፤ የጋንትሪም ስም የአስመሳይ ሰባኪ መጠሪያ ሆነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተውኔት ጉድን ይሻል፤ የአታላይ ኀጢአት ለመድረክ ይመቻል። ጧት ማታ የሚጸልይ፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው ግን ለደራሲው ትርኢት አያቀርብለትም።

እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም፤ የእኛ ጋንትሪ ደብተራው ነው። በፊልሞቻችን ደብተራ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ፣ አስማት ደጋሚ ሆኖ ነው። ክታብ የሚጽፍ ደብተራ መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ወደ ጋይንት የሄደ ሰው ሌላ ደብተራ ያገኛል፤ የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ምስክር ቤት ዙር አምባ የሚገኙት በዚያ ነውና። ከእስቴም ሆነ ከስማዳ፣ ከሩቅ አገርም የመጣው ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለዓመታት ሲማር ኖሯል። ይህን ረኃብና ትጋት የማያሳይ ሥዕል ግማሽ ሥዕል ነው።

ሌላውን ግማሽ የሣሉም አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ፣ በወላጆቹ ስለት የታሰረ፣ የሚያፈቅርና የሚፈራ ሰው አድርገው አቀረቡት። በአሜሪካም ሮበርት ዱቫል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ራሱ ደርሶ፣ አዘጋጅቶ፣ በተጫወተው «ሐዋርያው» በተባለ ፊልም፣ ሰው መትቶ የሸሸ፣ እምነቱ ግን እውነተኛ የሆነ ሰባኪን አሳየ። በደሉ አልተሸፈነም፤ ሰውነቱም አልተሰረዘም።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ፣ ጥምጣም ያሠረ ደብተራም ሆነ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ የያዘ ወንጌላዊ፣ ማመልከቻውን ይዞ ከጠረጴዛዎ ፊት በቆመ ጊዜ፣ አስቀድሞ የሚፈርድበት የሲኒማው ሥዕል እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ወንበር ሰጥተው ጉዳዩን ከራሱ አንደበት ይስሙ።