ሰሊጥ ከማሳ እስከ መጋዘን፦ ብክነትን የመቀነሻ ዘዴ

በመተማ፣ በቋራና በአካባቢው ቆላ ሰሊጥ ለገበሬው ዋና የገንዘብ ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ ከደረሰው ምርት ከፊሉ ገበያ ሳይወጣ ማሳ ላይ ይቀራል። የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ብክነት እንዴት ሊቀንሱ እንደሚችሉ ቀጥሎ ተብራርቷል።

የዘዴው መነሻ

በጃፓን የቶዮታ መኪና ፋብሪካ የዳበረው አሠራር ሥራን ደረጃ በደረጃ መርምሮ ለገዢው ጥቅም የማይሰጠውን ማስወገድ ነው። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ካይዘን በአገራችን ይታወቃል፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ዘዴው ብክነት ከሚላቸው ውስጥ ያለ ሥራ የሚያልፍ ጊዜ፣ አላስፈላጊ ማመላለስና የጥራት ጉድለት ይገኙበታል። ሦስቱም በሰሊጥ ሥራ ይታያሉ።

ብክነቱ የሚደርስባቸው ቦታዎች

1. አጨዳ ሲዘገይ፦ ሰሊጥ የሚደርሰው ከታች ወደ ላይ ነው። ዘሩን የያዘው ሽፋን ሲደርቅ ተከፍቶ ዘሩ ይረግፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኛው ፍሬ ሳይከፈት መታጨድ አለበት።

2. ሂላ ላይ ሲቆይ፦ ነዶው ከደረቀ በኋላ ሸራ ወይም ሠራተኛ እየተጠበቀ ከቆመ የሰሊጥ ትኋን የዘሩን ዘይት ይመጣል፤ ዘሩም ይጨማደዳል።

3. ነዶ ሲጓጓዝ፦ የደረቀ ነዶ ወደ ሩቅ ሸራ ሲሸከሙት በመንገድ ይረግፋል። ሸራው ወደ ሂላው ይሂድ እንጂ ነዶው ወደ ሸራው አይሂድ።

4. በባዶ መሬት ሲራገፍ፦ አፈርና ጠጠር ይቀላቀላል፤ እንደገና ማበጠር ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ምን መደረግ አለበት?

ዕቅዱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሠራ። ማጨድ ከመጀመሩ በፊት ጆንያው፣ ሸራው፣ ሠራተኛውና ማጓጓዣው ይታሰቡ። በአንድ ቀን ታስሮ ሊቆም ከሚችለው በላይ አይታጨድ። ማኅበሩም ሸራውን የሚያዳርሰው በአባላት የስም ዝርዝር ተራ ሳይሆን በነዶው መድረቅ ቅደም ተከተል ይሁን።

የልማት ሠራተኛው ከገበሬው ጋር ከማሳ እስከ መጋዘን ተጉዞ ምርቱ የት፣ ስንት ቀን፣ በምን ምክንያት እንደቆመ ይመዝግብ። ከየሂላው 1 ኪሎ ብቻ ቢረግፍ ከ50 ሂላ ግማሽ ኩንታል ይጠፋል። ይህ የታረሰበት፣ የታረመበትና ብድር የተወሰደበት ምርት ነው።

ሆኖም ብክነት መቀነስ ማለት ሠራተኛን ማጣደፍ ማለት አይደለም። ተወርውሮ የወደቀ ነዶ ያረገፈው ዘር አይለቀምም። መወገድ ያለበት በሥራና በሥራ መካከል ያለው ያለ ምክንያት የሚያልፍ ቀን ነው።